«እኔ ባቡር ላይ አልቅሼ አላውቅም»

ወላጆች ስለ ልጃቸው ሊያነጋግሩኝ ሲመጡ የመጡበትን ጉዳይ ገና ከበሩ እለየዋለሁ። ለውጤት የመጣ ካርድ ይዞ ይመጣል። ለጠብ የመጣ ልጁን እየጎተተ ይመጣል። ደብተር በፌስታል ጠቅልሎ፣ ሰው እንዳያየው ብብቱ ሥር ሸጉጦ የመጣ ከሆነ ግን፣ ልጁ ልብ ወለድ መጻፍ ጀምሯል ማለት ነው።

ጭሮ ላይ አማርኛ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆነኝ። (ትልልቆቹ አንባቢዎቼ አሰበ ተፈሪ ብላቸው ቶሎ ይገባቸዋል።) እንዲህ ያሉ ደብተሮች ከቁኒም፣ ከሂርናም፣ ከበዴሳም መጥተውልኛል። አንድ አባት ከቁኒ በኩል መጥተው ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ «መምህርት፣ ልጄ ውሸት መጻፍ ጀምሯል። ያላየውን አየሁ፣ ያልሞተውን ሰው ሞተ ይላል። እስቲ አንቺ ምከሪው» አሉኝ። በነገሩ ልስቅ አልቻልኩም። ሰውዬው እውነተኛ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ዋሾ እንዳይሆንባቸው ፈርተዋል።

መልሱ ያለው ልብ ወለድ በሚለው ቃል ውስጥ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ በኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የታወቀው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ ሲወጣ ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ልብ የወለደው ታሪክ ማለት ነው። ዋሾ ሰው እንድታምኑት ይፈልጋል። ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን ገና ከሽፋኑ ላይ «ይህን የወለደው ልቤ ነው» ብሎ ተናግሯል። ለአባትየው ይህንኑ ነገርኳቸው። እምብዛም ያመኑኝ አልመሰለኝም። ደብተሩን ግን ሳይቀዱት መልሰው ይዘውት ሄዱ፤ ለዚያን ቀን ይበቃኛል።

ሁለተኛው የወላጅ ጥያቄ እንጀራ ነው። «ይህ ነገር ያበላዋል ወይ?» አጭሩ መልስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አያበላም የሚል ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያወጡት ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ ነበር። ስለዚህ ልጁ ትምህርቱን ይማር፤ ደብተሩም አይቃጠል። ሁለቱ አይጣሉም።

የእኛ ከተማ ለዚህ የቅርብ ምስክር አላት። አሰበ ተፈሪን የጨርጨር ዋና ከተማ አድርገው ያቀኗት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ደራሲ ናቸው። ገና ልጅ ሳሉ አድዋ ዘምተዋል። ከዚያ ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛ መኮንንነት ተማሩ። አገራቸው ከተመለሱ በኋላ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጻፉ። ተውኔቱ የፈረንሳዩን የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መነሻ ያደረገ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ለመኳንንቱ ታየ። መድረክ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ቢሆኑም የሚነካው የጊዜውን አስተዳደር ነበርና፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ተክለ ሐዋርያት በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩ ሰው ናቸው። ከረጅም ስደት ተመልሰው ሂርና እርሻቸው ላይ ኖሩ፤ በ1969 ዓ.ም. አረፉ። የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ እሳቸው ካረፉ ሠላሳ ዓመት በኋላ።

ልጃቸውም ጸሐፊ ሆኑ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰውን ወጣት ታሪክ በ«አርአያ» ጻፉ፤ «ቴዎድሮስ» የሚባል ተውኔትም አላቸው። ከእናንተ መካከል «አርአያ»ን ትምህርት ቤት ያነበባችሁ ትኖራላችሁ።

ተክለ ሐዋርያትን ለተማሪዎቼ የማነሳው ለከተማ ኩራት ብቻ አይደለም። እሳቸው ሩሲያንም ፈረንሳይንም ያዩ ሰው ነበሩ። የአውሮፓ ንጉሥና ልዕልት መድረክ ላይ ማውጣት አያቅታቸውም ነበር። ያወጡት ግን አውሬ ነው። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው መኳንንት ደግሞ አውሬ የሚናገርበትን ተረት ከአያቱ ጉልበት ሥር ጀምሮ ያውቀዋል። ባያውቀው ኖሮ ተውኔቱ ማንንም ባልነካ፣ ባልታገደም ነበር። አዲስ ነገር በሚታወቅ አፍ መናገር ማለት ይህ ነው። ልጆቻችን የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው።

ደብተሮቹን ስገልጥ የማገኘው ይኸውና። ታሪኩ ቦሌ ይጀምራል። የሀብታም ልጅ የድሃ ልጅ ይወዳል። ቪላ አለ፣ ውሻ አለ፣ ክፉ የእንጀራ እናት አለች። መኪና ይገለበጣል። ሆስፒታል ይገባል። መጨረሻ ላይ አንዱ ይሞታል፣ ወይም ሁሉም ነገር ሕልም ሆኖ ይገኛል። ጸሐፊው ደግሞ አዋሽን ተሻግሮ አያውቅም! የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማን አልወቅስም፤ እኔም አያለሁ። ነገር ግን ይህ ልጅ የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው። የማሽላ ማሳ ውስጥ ማማ ላይ ተቀምጦ በወንጭፍ ወፍ ሲጠብቅ ምን እንደሚያስብ ያውቃል። ገበያው የወደቀ ቀን፣ አባቱ ያልተሸጠውን ጫት ዙርባ ዙርባውን እንደያዘ ቤት ሲገባ እናቱ ለምን አንድ ቃል እንደማትናገር ያውቃል። ያን ሲጽፍ ግን አላየሁትም። «እሱማ ተራ ነገር ነው፣ ቲቸር» ይለኛል።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድጽፍ ግን እሷም አያቷም ፈቅደውልኛል። አያቷ በወጣትነታቸው በአሮጌው ባቡር ከድሬዳዋ ሚኤሶ እየተመላለሱ ልብስ ይነግዱ ነበር። ኮንትሮባንድ መሆኑ ነው። ከሚኤሶ ደግሞ በመኪና ሽቅብ ወደ አሰበ ተፈሪ። ስድስት ልጅ ያሳደጉት በዚህ ነው። ልጅቱ ይህን ልትጽፍ ተነሳች፤ እሰየው አልኩ። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይል ነበር፦

«ወይዘሮዋ በከባድ ሐዘን ተውጠው፣ እንባቸው እንደ ጎርፍ እየወረደ፣ የባቡሩን መስኮት ተደግፈው እጅግ በጣም መራራ የሆነውን ሕይወታቸውን ያስቡ ነበር።»

ሰዋስዉ እንከን የለውም። ለፈተና ቢሆን ሙሉ ማርክ እሰጠው ነበር። እኔ እርማት አልጻፍኩበትም፤ «ሂጂና ለአያትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት» አልኳት ብቻ። አነበበችላቸው። አያትየው ቡናቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉ አለችኝ፦

«ይቺ ሴትዮ ማን ናት? እኔ ባቡር ላይ አልቅሼ አላውቅም። የሚያለቅስ ሰው ፊናንስ ያየዋላ!»

ከዚህች አንድ ንግግር የሚገኘውን ትምህርት እኔ አንድ ሴሚስተር ሙሉ አስተምሬ አላደርሰውም። ልጅቱም ብልህ ናት፤ አልተከራከረችም። «ታዲያ ምን ታደርጊ ነበር?» ብላ ጠየቀች። አያትየው አወሩ። አምስት ቀሚስ ደራርበው ይለብሱ ነበር። ሙቀቱ ልብ ያወልቃል። ፉርጎው ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚስቁት እሳቸው ነበሩ። ፍተሻ ሲመጣ ደግሞ የማያውቁትን ሕፃን ተቀብለው ያቅፋሉ፤ ሕፃን የታቀፈች ሴት ብትወፍር ማን ይጠረጥራታል? ልጅቱ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። አራተኛው ላይ ይህን ይዛልኝ መጣች፦

«ድሬዳዋ ላይ አምስት ቀሚስ ለብሳ ስትሳፈር ሁለት ሴት ታክል ነበር። ፊናንሱ ሲቃረብ የማታውቀውን ሕፃን ከማታውቃት እናት ተቀብላ ታቀፈች። ሕፃኑ ሸናባት። እሷ ሳቀች። ፊናንሱም ሳቀና አለፈ። አራቱ ቀሚስ አልረጠበም ነበር።»

ያነበብኩት ቆሜ ነው። «ፈራች» የሚል ቃል የለበትም፤ ፍርሃቱ ግን አለ። «ድሃ ነበረች» አይልም። ያቺ ሌላዋ እናት ልጇን ለማታውቃት ሴት ዝም ብላ መስጠቷ ደግሞ፣ በዚያ ባቡር የሚሄዱ ሴቶች እንዴት እንደሚተባበሩ ያለ ማብራሪያ ይናገራል። «እጅግ በጣም» ወጥቶ «አምስት» ገባ። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምለምናቸው ይህንኑ ነው፤ ስለ ሐዘኑ ብዛት ከመናገር የቀሚሱን ብዛት ንገሩኝ።

የዓረፍተ ነገሩንም ርዝመት ልብ በሉ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ አስቀምጦ፣ «ተነስታ፣ ታጥባ፣ ለብሳ፣ ወጥታ» እያለ አንባቢን ረጅም መንገድ መውሰድ ይችላል። ለጉዞና ለሥራ ይህ ጥሩ ነው፤ ድካሙ ራሱ በዓረፍተ ነገሩ ይሰማል። አደጋ ሲመጣ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል። «ሕፃኑ ሸናባት። እሷ ሳቀች።» ሁለት ሁለት ቃል። ልጅቱ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘችውም፤ አያቷ ሲያወሩ ትንፋሻቸው የት እንደሚቆም ሰምታ ነው።

በአንደኛውና በአራተኛው ጽሑፍ መካከል ሁለት ወር አለፈ። ይህን የምናገረው ለወላጆች ነው፤ ምክንያቱም ልጁ የጻፈውን ዛሬውኑ ለውድድር እንልከው የምትሉ አላችሁ። ሊጥ ቢቸኩሉበት አይቦካም። ጽሑፉ ይደር፣ ይረሳ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ራሱ ሲያነበው የሌላ ሰው ጽሑፍ መስሎ ይታየዋል፤ ያኔ ራሱ ይስቅበታል፣ ራሱ ይቆርጠዋል።

ከሁሉ የሚከብዳቸው ንግግር ነው። ደብተሮቹ ውስጥ ባልና ሚስት እንደ ዜና አንባቢ ነው የሚነጋገሩት። እዚህ ላይ የሐረርጌ ልጅ አንድ ሀብት አለው፤ አያውቀውም እንጂ። የሌላ አገር ሰው እኛ ዘንድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደነግጠው «አንተ» እና «አንቺ» ስንለው ነው። ትልቁንም ትንሹንም አንተ እንላለን፤ ንቀት የለበትም። የቁኒው አባት እኔን «አንቺ» ሲሉኝ አክብረውኝ ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ድንገት «እርስዎ» ቢል ምን ይሆናል? የልጅቱ ታሪክ ውስጥ ይህ አለ። አያትየው አንዴ ሦስት ቀን ዘግይተው ሲመለሱ፣ ባላቸው በር ላይ ቆመው ያሉት «ደህና ገቡ?» ብቻ ነበር። በዚያ ቤት ከዚያ በፊት አንቱታ ተሰምቶ አያውቅም። ልጅቱ ከሥሩ «አለ በቁጣ» ብላ ጨምራ ነበር፤ ያችን ሁለት ቃል ብቻ ሰረዝኩላት።

ንግግር መስማት የሚፈልግ ወጣት የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ያንብብ። በ1962 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ የገጠር ባልቴትና ሽማግሌ በየራሳቸው አንደበት ሲናገሩ ይሰማበታል። ዳኛቸው በ1977 ዓ.ም. «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የሚል መጽሐፍም አውጥቷል። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ካገኛችሁት አትለፉት፤ ከጫማ ይረክሳል፣ ከጫማም ይቆያል።

ሌላው ጉዳይ ቋንቋ ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ቤታቸው የሚያወሩት ኦሮምኛ ነው። አያታቸው ተረት የሚነግሯቸው፣ ሆጃ እየጠጡ የሚቀልዱት በኦሮምኛ ነው። ለእኔ ሲጽፉ አማርኛ ያደርጉትና ቀልዱ ይሞትባቸዋል። የአማርኛ መምህርት ሆኜ ይህን ማለቴ ይገርማችሁ ይሆናል፤ ግን መጀመሪያ በሰሙበት ቋንቋ ይጻፉት እላለሁ። ኦሮምኛ ሆኖ ቢቀርም ልብ ወለድ ነው። አስቴር ጋኖ የምትባል የኦሮሞ ሴት ነበረች። በልጅነቷ ለባርነት ተሽጣ፣ ነፃ ከወጣች በኋላ ምጥዋ አጠገብ ተማረች። በቃሏ የምታስታውሰውን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ሁሉ ጻፈችው፤ 500 ያህል ነበር። ከዚያም ብዙው እ.ኤ.አ. በ1894 ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ በግዕዝ ፊደል ታተመ። ከቤቷ የተነጠቀች ልጅ ይዛው የወጣችው ያን ነበር፤ የሰማችውን።

አያቶች ሆይ፣ ቀጥሎ ያለው ለእናንተ ነው። መንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ» እና «ጠልፎ በኪሴ» በተባሉት ተውኔቶቻቸው ታውቋቸዋላችሁ። ልጅነታቸውን ያሳለፉት እዚሁ ጎረቤታችን ሐረር ነው። እንግሊዝ አገር ተምረው የመጡት እኚህ ሰው፣ የቤተ ክህነት ሊቅ የነበሩትን አባታቸውን አለቃ ለማ ኃይሉን አስቀምጠው፣ የሕይወት ትዝታቸውን በቴፕ ቀዱ። የተቀዳው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ተብሎ ታተመ። ከዚያም በፊት ከአባቶች የተሰማውን ጨዋታ ሰብስበው «የአባቶች ጨዋታ»ን አውጥተዋል። እኚያ ተውኔቶች ላይ ሰው ሲናገር ለምን እንደዚያ ሕያው እንደሚሆን ማወቅ የሚፈልግ፣ ጸሐፊው ከማን እግር ሥር ተቀምጠው እንደሰሙ ይይ።

ዛሬ ቴፕ መግዛት አያስፈልግም፤ ልጁ ኪስ ውስጥ ስልክ አለ። የሚያስፈልገው የእናንተ አነጋገር ነው። ስታወሩለት ለመምከር አትቸኩሉ። «ስለዚህ ልጄ፣ አንተም…» ያላችሁ ቀን ደብተሩ ይታጠፋል። ዋጋውን ንገሩት፤ ያን ጊዜ አንድ ቀሚስ ስንት ነበር? ማን አጠገብ ተቀምጣችሁ ነበር? ምን በላችሁ? ልጁ ያን ይፈልጋል።

ወላጆች ደግሞ፣ ልጃችሁ ሊያነብላችሁ ሲመጣ ቴሌቪዥኑን ዝጉና ስሙት። «ጎበዝ!» ብቻ ብላችሁ አትሸኙት፤ «ይህ ምን ይረባል» ማለት ደግሞ የባሰ ነው። የት ላይ ሐሳባችሁ እንደሄደባችሁ፣ የት ላይ «ከዚያስ?» እንዳላችሁ ንገሩት። እዚህ ጋ እንቅልፌ መጣ ብትሉት አይሞትም። ፊደል ያልቆጠረች እናት ይህን ከእኔ የተሻለ ትሠራዋለች፤ ሰዋስው አያዘናጋትማ። ደግሞም ልጁ ስለ እናንተ ቢጽፍ አትደንግጡ። ክፉ አድርጎ የሣላት እናት እናንተን ብትመስል እንኳ እራት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት አታቁሙት።

የልጅቱ ታሪክ ገና አላለቀም። አያትየው የማይነግሯት አንድ ጉዞ አለ፤ ያ ሦስት ቀን የዘገዩበት። «ያቺን ቀን ተያት» ይሏታል። ልጅቱ ፈጥሬ ልጻፈው ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። ልብ ወለድ ነውና መብቷ ነው፤ አያትየው ግን እዚያው ቤት በሕይወት አሉ። ጠብቂ አልኳት። ባለፈው ቅዳሜ ያለቀውን ድረስ አነበበችላቸው።

«የት አደረስሽኝ?» አሉ አያትየው።

«አፍደም ጣቢያ።»

ዝም አሉ። ሁለተኛው ቡና ተቀድቶ ነበር። ከዚያ፣ «እሱን ስልክ አጥፊው» አሏት።

ስልኩን አጥፍታ እርሳሷን ቀረጸች።